የፈረስ ጉልበት

ስለ ጉዞው፣ ስለ ሱዳን፣ መንገድ ላይ ስለቀሩብን ሰዎች ከእኔ የተሻለ የሚያስታውሱ በዚህ መጽሐፍ ጽፈዋል። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከመኪና ሥር ተኝቼ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ስለ መኪና ብጽፍላችሁ አትዘኑብኝ። ያውም ስለ አሜሪካ መኪና፣ በ1960ዎቹ ስለተሠሩት፣ የዛሬ ጎረምሶች በስልካቸው እያዩ ምራቃቸውን ስለሚውጡላቸው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ የምጽፈው እናንተ በዚያ ስለምትቆጥሩ ነው።

አባቴ ጎንደር አጠገብ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራል፤ እኔ ወናፍ እነፋለሁ። ጎረቤቶቻችን ቀን ማረሻውን ይወስዳሉ፣ ማታ ቡዳ ይሉናል። ይህን ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል፣ አልደግመውም። እኔ በ17 ዓመቴ አስመራ ሄድኩና በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ተቀጠርኩ። እዚያ የመኪናው አካል ሁሉ በጣሊያንኛ ነው የሚጠራው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን። ይኸው አማርኛ ሆኖ ቀረ። እዚህ አገር ሙሳክ ስገባ ደግሞ በዕብራይስጥ እንደገና ተማርኩት።

አስመራ ውስጥ ያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር፤ ቃኘው ይሉታል። ስሙ የመጣው ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነው። ቃኘው ደግሞ የንጉሡ አባት የራስ መኮንን ፈረስ ነው። እኛ አገር ጀግና በፈረሱ ይጠራ ነበር እኮ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ መኮንን አባ ቃኘው። ታዲያ ከዚያ ሰፈር ወታደሮች አንዱ የ1966 ፎርድ ሙስታንግ በመርከብ በምጽዋ በኩል አስመጥቶ ነበር። ፊቷ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ተለጥፏል። ሙስታንግ ማለት ባለቤት የሌለው የዱር ፈረስ ነው አለኝ። በኋላ ደግሞ ዶጅ ቻርጀር የምትባል መኪና መጣች፤ ቻርጀር የጦር ፈረስ ማለት ነው። ፈረንጅም በፈረሱ ስም ይፎክራል ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ። የሞተር ኃይል በአማርኛ «የፈረስ ጉልበት» መባሉም ያን ቀን ነው ትርጉም የሰጠኝ።

ያቺ መኪና ወደ ጋራዡ ስትመጣ ገና ከመንገዱ ጥግ ሳለች እናውቃታለን። ፊያት ሲመጣ እንደ ስፌት መኪና ነው፤ ይቺ ግን ደረት ውስጥ ነው የምትሰማው። ብዙ ሰው ድምፁ ከማርሚታው ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ስምንት ሲሊንደር አላት፣ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ በቪ ቅርጽ የቆሙ። ሲተኩሱ ግን አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ እየተቀባበሉ አይደለም። የዚያች ሙስታንግ ተራ 1፣ 5፣ 4፣ 2፣ 6፣ 3፣ 7፣ 8 ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉት በአንድ ወገን፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት በሌላ ወገን ናቸው። ቁጠሩት፤ 4 እና 2 በአንድ ወገን ይከታተላሉ፣ 7 እና 8 በሌላው ወገን ይከታተላሉ። ስለዚህ ድምፁ ያነክሳል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብዱብ። አባቴና አጎቴ በአንድ መስፍ ላይ ሁለት መዶሻ ሲያፈራርቁ፣ አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲደርብ፣ ልክ እንደዚያ ነበር። ጣሊያኑ አለቃዬ ይህን ድምፅ አይወደውም፣ ያልተገራ ነው ይለኛል። እኔ ግን ኮፈኑን ከፍቼ ሳደምጥ የቤታችን ደጃፍ ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሙስታንግ ማስል ካር የምትባለው በልግስና ነው። አዋቂዎቹ «ፖኒ ካር» ይሏታል፤ ፖኒ ትንሽ ፈረስ ነው። ማስል ካር፣ ጡንቻ ያላት መኪና ማለት፣ አመጣጧ ሌላ ነው። መካከለኛ የሆነች፣ ልጆችና አስቤዛ የምትጭን ተራ መኪና ትወስዳለህ፤ ለትልቅ መኪና የተሠራውን ሞተር ኮፈኗ ሥር ትጭንባታለህ፤ በርካሽ ትሸጣታለህ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን በደንብ ያደረጉት ፖንቲያክ የሚባለው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ሰዎች ናቸው። ኩባንያው ለመካከለኛ መኪና ከ5.4 ሊትር በላይ ሞተር እንዳይጫን ደንብ አውጥቶ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን ለ1964 ዓመት 6.4 ሊትሩን ሞተር ቴምፔስት በምትባለዋ መኪና ላይ ሰኩት። አዲስ መኪና ነው ቢሉ ደንቡ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ መኪና አላሉትም፣ ደንበኛው ከፈለገ ወደ 300 ዶላር ጨምሮ የሚያገኘው ተጨማሪ ዕቃ ነው አሉ። ስሟን ከፌራሪ ወስደው ጂ.ቲ.ኦ አሏት። 5,000 ብንሸጥ ጥሩ ነው ብለው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ሸጡ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጣል? ሁሉም ተነሣ። ክራይስለር 7 ሊትሩን ሄሚ ሞተር ለመንገድ አወጣ፤ በወረቀት 425 የፈረስ ጉልበት። በ1968 ፕሊመዝ ሮድ ራነርን አመጣ። ውስጧ ባዶ ነው፣ ምንጣፍ እንኳ የሌላት፣ ገንዘቡ ሁሉ ሞተሩ ላይ የዋለ፣ ዋጋዋ ከ3,000 ዶላር በታች። የካርቱኑን ወፍ ስምና ድምፅ ለመጠቀም ኩባንያው ለፊልም ሠሪዎቹ 50,000 ዶላር ከፍሏል፤ ጡሩንባዋ እንደ ወፉ «ቢብ ቢብ» እንዲል። ቀልድ ይመስላል፣ እውነት ነው። በ1970 ሼቭሮሌት 7.4 ሊትር ሞተር፣ 450 የፈረስ ጉልበት፣ በአንዲት ሼቬል ላይ ጫነ። ከዚያ በላይ አልተሄደም።

አሁን እናንተን ወደሚመለከተው ልምጣ። እነዚህን መኪናዎች ያመጧቸው እነማን ናቸው? የዴሎሪያን አባት ከሮማንያ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ፎርድ ፋብሪካ ብረት ማቅለጫ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ሙስታንግን ገፍቶ ያስወጣት ሊ አያኮካ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ነው። በ1964 ኤፕሪል 17 ቀን ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ባሳያት ዕለት ብቻ 22,000 ሰው አዘዘ፤ ዋጋዋ ከ2,368 ዶላር ይጀምር ነበር። ሼቭሮሌት ውስጥ ደግሞ ዞራ አርኩስ ዱንቶቭ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ ብራስልስ ውስጥ ከሩሲያ አይሁድ ወላጆች የተወለደ፣ ፈረንሳይ በናዚ ስትያዝ አምልጦ አሜሪካ የገባ። በ1953 ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ ለአለቆቹ ደብዳቤ ጻፈ። ወጣቶቹ የሚያነቡት፣ የሚያልሙት፣ የሚፈቱትና የሚገጥሙት ሁሉ የፎርድ ነው፤ ፈጣን ዕቃ ካልሠራንላቸው አናገኛቸውም አለ። ሰምተውታል። እሱ በዋናነት የሠራው ኮርቬት ላይ ነው፣ እሷ የስፖርት መኪና ናት። ግን ያ ሐሳብ ባይኖር የሌላውም ታሪክ እንዲህ አይሆንም ነበር ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ የስደተኛ ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው አገሩን በሰበረ እንግሊዝኛ እየለመኑ ኖሩ፣ ልጆቹ ደግሞ አገሩ ገና ያልጠየቀውን ድምፅ ሰጡት። መኪናዋ ያረፈችውም በሀብታም ደጅ አይደለም። ገጣጣሚው ሠራተኛ ራሱ፣ የሱም ልጅ፣ በዱቤ ሊገዛት ይችላል። ዲትሮይት ውስጥ ዉድዋርድ የሚባል ሰፊ ጎዳና አለ፤ ማታ ማታ ልጆቹ ከመብራት እስከ መብራት ይሽቀዳደሙበት ነበር። ከዚያ በፊት ፍጥነት የጌታ ልጅ ነገር ነበር። አባቴ ለሌላው ሰው ፈረስ ልጓም ሠርቷል፣ ፈረስ ግን አልነበረውም። ስለዚህ እነዚያ ልጆች ምን እንደተሰማቸው የሚያስረዳኝ አያስፈልገኝም።

እዚያም ቢሆን ግን ብረቱን የሚያቀልጠው ማን ነበር? ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ከአሜሪካ ደቡብ ክፍል በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ለሥራ ወደ ዲትሮይት መጥተዋል። ፎርድ ከሌሎቹ ቀድሞ ጥቁሮችን በብዛት ቀጥሯል፤ አብዛኞቹን ግን የላካቸው ወደ ማቅለጫው ነው፣ እሳቱና አቧራው ወዳለበት። ንድፍ ክፍል ውስጥ እምብዛም አልነበሩም። በ1967 ጁላይ ከተማው ተነሣ፣ 43 ሰው ሞተ። በዓመቱ ዶጅ ፋብሪካ ውስጥ ጥቁር ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ከባዱና አደገኛው ሥራ ለኛ፣ አለቅነቱ ለነጩ ለምን ይሆናል አሉ። ከዚያው ፋብሪካ ነው በ1970 ዶጅ ቻሌንጀር የወጣችው፤ በሐምራዊና በብርቱካን ቀለም፣ ዛሬ እንደ ጌጥ የምትታየው። እኛ አገር ማረሻውን ወስደው ቀጥቃጩን እንደሰደቡት፣ እዚያም መኪናዋን እያጨበጨቡላት ብረት አቅላጩን ከኋላ በር ያስገቡት ነበር። ፎቶዋን ስታዩ ይህንንም እዩበት።

ስለ ፎርድም አንድ ነገር ልበል። ሽማግሌው ሄንሪ ፎርድ ጋዜጣ ገዝቶ ከ1920 ጀምሮ በአይሁድ ላይ ክፉ ጽሑፍ ሲያሳትም ኖሯል፤ በ1927 ይቅርታ ጠይቋል። የልጅ ልጁ ዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ ግን ከእስራኤል ጋር መሥራትን መረጠ፤ የዓረብ ሊግ በ1966 ኩባንያውን አግዳለሁ ሲል እምቢ ብሎ ቀጠለ። የኔ ወታደር መኪና የተሠራችበት ዓመት ነው። በቤተሰብ ውስጥም እንዲህ ያለ መመለስ አለ።

የመኪናዎቹን ነውር ካነሣን፣ እኔ ሜካኒክ ነኝ፣ እናገራለሁ። ሞተሩ የፈረስ፣ ፍሬኑ የአህያ ነው። ብዙዎቹ በአራቱም እግር ታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቀህ ከያዝክ ይግልና ይከዳሃል። ጎማው ቀጭን ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ንጉሥ፣ ኩርባ ላይ ሰካራም። ቤንዚኑ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ይሄድ ነበር፤ ያውም እርሳስ የተቀላቀለበት፣ እኛ በባዶ እጃችን የምንታጠብበት። ስንት የ20 ዓመት ልጅ በዚያ እንደቀረ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያውቁታል፤ ለዚህ ነው በ1960ዎቹ መጨረሻ ለወጣት ነጂ ክፍያውን እስከማይቻል ድረስ ያወጡት። በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ የሞተሮቹን እመቃ ዝቅ አደረገ፣ እርሳስ በሌለው ቤንዚን እንዲሠሩ። በ1972 ጉልበቱን የሚለኩበት መንገድ ራሱ ተለወጠ፤ ያው ሞተር በወረቀት ላይ አነሰ። መኪናዋ ታማ ነበር ማለት ነው። የገደላት ግን ሌላ ነው።

ኦክቶበር 6 ቀን 1973፣ የአስተስርዮ ዕለት። እናንተ ዮም ኪፑር የምትሉት። ጦርነቱን እኔ አስመራ ሆኜ በሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ ጾም ላይ ነበርኩ፣ ለማን ይነገራል? ከ11 ቀን በኋላ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ምርታችንን እንቀንሳለን አሉ፤ ለአሜሪካም መሸጥ አቆሙ። በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረው ነዳጅ በጃንዋሪ 1974 ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። አሜሪካ ውስጥ ማደያው ፊት ሰልፍ ሆነ፣ ፍጥነት በሕግ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ላይ ተገደበ። ያቺ 7 ሊትር ሞተር ምን ትሁን? ጂ.ቲ.ኦ በ1974 ቆመች። ቻሌንጀርና ባራኩዳም በዚያው ዓመት ቆሙ። ሙስታንግ አልቆመችም፤ ግን የ1974ቷ አሜሪካ ውስጥ ስምንት ሲሊንደር አልነበራትም። አራት ወይም ስድስት ብቻ። ፈረሱ ፊቷ ላይ አለ፣ ድምፁ የለም።

ያ ነዳጅ ግን ዲትሮይት ላይ ብቻ አልቆመም። ኢትዮጵያ በዚያው ኦክቶበር ከእስራኤል ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። በፌብሩዋሪ 1974 መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም አብረው ወጡ። በዚያው ወር አስመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር አመፀ። ጋራዣችን ፊት ለፊት ታንክ ቆሞ አየሁ። በሴፕቴምበር ንጉሡ ወረዱ። አብዮቱ በቤንዚን ብቻ መጣ አልልም፤ ረሃቡ ነበር፣ መሬቱ ነበር፣ ወታደሩ ደመወዝ ነበር። ግን ከክብሪቶቹ አንዱ ቤንዚን ነው። እኔ ይህን ያገናኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚህ አገር፣ አንድ የመኪና መጽሔት ላይ ጂ.ቲ.ኦ የቆመችበትን ዓመት ሳይ ነው። መጽሔቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። የአይሁድ አገር በተወጋችበት ዕለት የተጫረ እሳት ዲትሮይት ላይ ያን ሞተር አጠፋ፣ አዲስ አበባ ላይ ዙፋን አቃጠለ፣ እኔንም ከአስመራ አስነሣኝ። በ1975 መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ውጊያ ሲሆን ጣሊያኑ ጋራዡን ዘግቶ ወጣ፣ እኔም መፍቻዎቼን በጆንያ ይዤ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። ወታደሩ መኪናዋን ይዞ ከሁለት ዓመት በፊት ሄዷል። የጦር ሰፈሩም በ1977 ተዘጋ። ሌላው፣ ደርግና ሱዳን፣ የሌሎቹ ጽሑፍ ውስጥ አለ።

በ1984 መጨረሻ ከመጣን በኋላ ራምላ አጠገብ አንድ ሙሳክ ገባሁ። የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ያስጠረጉኝ ወለል ነበር፤ ካርቡራተር አውቃለሁ ስል ይስቃሉ። ልማዳችን ነው፣ አላማርርም። ኋላ ግን መኪናው ሁሉ ኮምፒዩተር ሆነና ካርቡራተር የሚያውቅ ሰው ጠፋ። እዚህ አገር 30 ዓመት የሞላው መኪና የሰብሳቢ ፈቃድ ያገኛል፤ ሀብታሞች ከአሜሪካ እያስመጡ ይገዙ ጀመር። ፋብሪካ ሠራተኛ በዱቤ ይገዛት የነበረችው መኪና ዛሬ ከአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ትበልጣለች። ይህ ነገር ያናድደኛል፤ በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ቅዳሜ ማታ አውጥተው፣ መልሰው ይሸፍኗታል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ጊዜ የ1966 ጂ.ቲ.ኦ ለቴስት ስትዘጋጅ ሠርታ አልቆም አለች፣ ስትቆም ታጠፋለች፤ ጠሩኝ። ሦስት ካርቡራተር ነው ያላት፣ አንዱ እንኳ በትክክል ካልተነፈሰ ታነክሳለች፣ የሷ ያልሆነ ማነከስ። የልጅ ልጄ አብራኝ መጣች፤ ኤሌክትሮኒክስ ትማራለች፣ አማርኛዋ ኩሽና ድረስ ነው። ቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጌ ፉጨቱን ሰማሁ። ከዚያ ለሷ ሰጠኋት። «ሳባ፣ ይሄኛው ቀጭን ነው» አለች። ትክክል ነበር። ብሎኑን ሩብ ዙር አዞረችው። ሰዓት ያህል ቆየን፤ ስንጨርስ ባለቤቱ ገንዘብ አወጣ፣ ለሷ ስጣት አልኩት።

በቅርቡ ደግሞ ስልኳን ይዛ መጣች። ዶጅ በ2023 መጨረሻ ስምንት ሲሊንደሯን ቻርጀር መሥራት አቁሞ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አወጣ። ሞተር የላትም፣ ማርሚታ የላትም፣ ካንዴላ የላትም፤ ግን ድምፅ ማጉያ ገጥመውላት እንደ ድሮዋ እንድታጓራ አድርገዋታል። «ሳባ፣ ይሄ እውነተኛ ነው ወይስ ውሸት?» አለችኝ። አስደገምኳት። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ግን እኩል ነው። አያነክስም። አንቺ ያን ትምህርት ስትጨርሺ ጻፊላቸው አልኳት፤ አራተኛውና ሁለተኛው መከታተል አለባቸው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛውም።